በነፃ የሰጠሁት ፕሮግራም ስድብ አተረፈልኝ፤ ልዝጋው?

ጥያቄ፦ «የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። የእንጀራ ሥራዬ ሌላ ነው። ማታ ማታ ግን ለትንንሽ ፋርማሲዎች የሚሆን የመድኃኒት መዝገብ ፕሮግራም ሠርቼ ኮዱን ጂፒኤል 3 በተባለው፣ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲቀይረው በሚፈቅደው ፈቃድ፣ ጊትሃብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጌ አስቀምጫለሁ። ከማንም አንድ ብር አልተቀበልኩም። አሁን ሻሸመኔና ዲላ ድረስ ይጠቀሙበታል። ስልኬ ግን ዕረፍት የለውም። ‹ዳታዬን አጠፋኸው›፣ ‹ፕሪንተሩ እምቢ አለ› እያሉ ሌሊት ሳይቀር ይደውሉልኛል። በቅርቡ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት የፋርማሲ ባለቤት ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ‹ጊዜው ያላለፈበትን መድኃኒት አልፎበታል እያለ ያስጥለኛል፤ ካልቻልክ ለምን ትሠራለህ? ገንዘቤን መልስ!› ብለው ጻፉ። የፈረንጆቹን ቀን ወደ እኛ የሚለውጠውን የቀን መቀየሪያ ፈተሽኩት፤ ትክክል ነው። ተናድጄ ‹ካልተመቸሽ ራስሽ ሥሪው፤ በነፃ ነው የሰጠሁሽ› አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ለሁለት ተከፍሎ እየተነታረከ ነው። አንድ የማላውቀው ልጅ ደግሞ ‹የጊትሃቡን የይለፍ ቃል ስጠኝና እኔ ልያዘው› ይለኛል። ዘግቼው ልገላገል?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ መዝጋት መብትህ ነው፤ በወጉ እንዴት እንደሚዘጋም ወደ መጨረሻው እንነግርሃለን። ይህን ሳምንት ግን ታገስ። ሴትዮዋ የተናገሩበት መንገድ ልክ አይደለም፤ ቅሬታቸው ግን ልክ ይመስለናል። ችግሩ ያለው አንተ በፈተሽከው ቦታ ስላልሆነ ነው ያላገኘኸው።

የመድኃኒት ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ወርና ዓመት ብቻ ነው። «03/2026» የሚል ካርቶን እንውሰድ። ቀኑ ካልተጻፈ መድኃኒቱ እስከዚያ ወር የመጨረሻ ቀን ድረስ ያገለግላል፤ ማለትም እስከ ማርች 31፣ በእኛ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018። ፕሮግራምህ የቀኑን ቦታ ባዶ መተው ካልቻለ «1» ብሎ ይሞላዋል። ማርች 1 ደግሞ የካቲት 22 ነው። መቀየሪያህ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው። በዚህ የተነሳ ሠላሳ ቀን ሙሉ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ቀይ ምልክት ተደርጎበት ይወገዳል። ለትንሽ ፋርማሲ ይህ የወር ትርፍ ሊሆን ይችላል። ባለቤቷ ምልክቱን ችላ ብለው ቢሸጡ ደግሞ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በእውነት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያቸው ላይ ቢገኝ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። የተቆጡት ለዚህ ነው።

ማስተካከያው የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው። ወርና ዓመትን አስገዳጅ፣ ቀንን አማራጭ አድርግ። ቀኑ ባዶ ሲሆን የሚቀጥለውን ወር የመጀመሪያ ቀን ወስደህ አንድ ቀን ቀንስ፤ እንዲህ ካደረግህ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29 አያሳስብህም። ዳታቤዝ ውስጥ የምታስቀምጠው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ይሁን፤ የእኛን አቆጣጠር ስክሪን ላይ ስታሳይ ብቻ ቀይር። ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳይ፤ ባለሙያዋ ካርቶኑን ይዘው ሲያመሳክሩ ስህተቱን ከአንተ በፊት ያዩታል። ወጥመዱ ያለው ቀድሞ በተመዘገበው ዕቃ ላይ ነው። ከነዚያ «1ኛ ቀን» ተብለው ከገቡት መካከል ካርቶናቸው ላይ በእርግጥ 1 የተጻፈባቸው ይኖራሉ። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ወደ ወር መጨረሻ ከገፋሃቸው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ደህና ነው ልትል ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ስህተት የከፋ ነው። ስለዚህ በ1ኛ ቀን የተመዘገቡትን ለይተህ ዘርዝር፤ ተጠቃሚው ካርቶኑን እያየ አንድ በአንድ ያጽድቅ። ከዚያ በፊት ፕሮግራሙ ራሱ ባክአፕ ይውሰድ።

ቀንን ካነሳን አይቀር የጳጉሜን ነገርም ፈትሽ። ብዙ መቀየሪያዎች መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብለው ይነሳሉ። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ግን ጳጉሜ 6 ስለሚሆን ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የአንድ ቀን ስህተቱ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። ተጠቃሚው በኅዳር ያማርራል፣ ሠሪው በመጋቢት ፈትሾ «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አራት ቀኖችን በፈተና ኮድህ ውስጥ አስገባ፦ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜ 6 ቀን 2015 መሆን አለበት፤ ሴፕቴምበር 12 መስከረም 1 ቀን 2016፤ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 የካቲት 21 ቀን 2016፤ ማርች 1 ደግሞ የካቲት 22። የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 በ2019 መጨረሻ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ነው።

«ዳታዬ ጠፋ» የሚለውንም ስድብ ብለህ አትለፈው። ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ «ዋል» በሚባለው የአጻጻፍ ሁነታ የምትጠቀም ከሆነ፣ የቅርብ ጊዜ ሽያጭ መጀመሪያ የሚጻፈው ከዋናው ፋይል ጎን በሚቀመጥ «ዋል» የሚል ቅጥያ ባለው ሌላ ፋይል ላይ ነው። ፕሮግራሙ በደንብ ሲዘጋ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ክፍት እያለ፣ ወይም መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ፣ ሰው ዋናውን ፋይል ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ቢወስድ ዋሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ከፍላሹ ሲመለስ የመጨረሻዎቹ ሽያጮች የሉም። ማንም አላጠፋቸውም፤ አልተገለበጡም እንጂ። መፍትሔው ማስጠንቀቂያ መጻፍ አይደለም፤ ሰው ፋይል መገልበጡን አያቆምም። «ባክአፕ ውሰድ» የሚል ቁልፍ አስቀምጥ፤ ከጀርባው የኤስኪውላይትን የባክአፕ ጥሪ ወይም «ቫኪዩም ኢንቱ» የተባለውን ትእዛዝ ተጠቀም። ሁለቱም ፕሮግራሙ ክፍት እያለ እንኳን የተሟላ አንድ ፋይል ይሰጡሃል። በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ ከሁለት ኮምፒውተር የሚከፍቱት ካሉም ይህ ሁነታ እዚያ እንደማይሠራ ንገራቸው።

አሁን ወደ ጠቡ። ደብዳቤህን ስናነብ ቆም ያደረገን «ገንዘቤን መልስ» የሚለው ነው። አንተ አልተቀበልክም፤ ሴትዮዋም ዝም ብለው አይዋሹም። ማን እንደጫነላቸው ጠይቃቸው። ፕሮግራሙ በብዛት የሚዳረሰው በኮምፒውተር ጥገና ቤቶች በኩል ከሆነ፣ የጫነው ልጅ «የፋርማሲ ሶፍትዌር» ብሎ አስከፍሏቸዋል ማለት ነው። እሳቸው በዓይናቸው ያዩት የገዙትን ዕቃ ነው፤ ስልክ ቁጥርህ ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል። የከፈሉት ለአንዱ፣ የሚጮሁት በሌላው ላይ ነው። በነፃ የሰጠኸው ኮዱን እንጂ ሌሊትህን እንዳልሆነ ማንም አልነገራቸውም።

ጥገና ቤቱን ለመክሰስ አትነሳ። የመረጥከው ፈቃድ ቅጂውን በፈለጉት ዋጋ ማስተላለፍን በግልጽ ይፈቅዳል፤ ለመጫንና ለድጋፍ ማስከፈልም እንዲሁ። ግዴታቸው የፈቃዱን ጽሑፍ አብረው መስጠትና ምንጭ ኮዱ የሚገኝበትን ማሳወቅ ነው፤ ይህን ጠይቃቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ ተጠቀምባቸው። የሚጭኑትን ልጆች ለብቻ ጥራና ተስማማ፤ መጫን፣ ፕሪንተር ማገናኘት፣ ፎርማት ከተደረገ በኋላ መመለስ የእነሱ ሥራ ይሁን፤ የሚያስከፍሉትም ለዚያ ነው። አንተ የምትቀበለው እነሱ አይተው ከፕሮግራሙ ነው ያሉትን ብቻ ነው። በምላሹ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ከሳምንት በፊት ለሙከራ ስጣቸው፤ በስማቸውና በከተማቸው ዝርዝራቸውን አውጣ። ከስልክህ ጥሪ አብዛኛውን የሚቀንስልህ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ስልክ ቁጥርህን ዛሬውኑ ከፕሮግራሙ አውጣ። በቦታው፣ መጀመሪያ ሲከፈት በሚታየው ገጽ ላይ፣ ይህን በትልቁ ጻፍ፦ «ይህ ፕሮግራም በበጎ ፈቃድ የተሠራና በነፃ የሚሰጥ ነው። ከፍለው ከሆነ የከፈሉት ለጫነልዎ ሰው አገልግሎት ነው፤ መጀመሪያ እሱን ያነጋግሩ። የፕሮግራሙ ስህተት ከሆነ በግሩፑ ያሳውቁን፤ ቅዳሜ ከሰዓት እናያለን። መድኃኒት ከማስወገድዎ ወይም ከመሸጥዎ በፊት ካርቶኑን ይመልከቱ።» ጂፒኤል 3 በአንቀጽ 15 እና 16 ዋስትናም ኃላፊነትም የለም ይላል፤ ግን በእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋ የተጻፈውን ማን አንብቦት? በአማርኛ በአራት መስመር የተነገረ ሰው ከአንተ ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደማይጠብቅ ያውቃል።

ሴትዮዋን በተመለከተ፣ በዕድሜ የሚበልጡህን ሰው በሕዝብ ፊት «አንቺ» ብለሃል። መጀመሪያ ደውልላቸው፤ ከዚያ በዚያው ግሩፕ ላይ አጭር ጽሑፍ አውጣ። በግል ብቻ ይቅርታ ብትጠይቅ በሕዝብ ፊት የተነገረው እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ማለት ትችላለህ፦ «እትዬ፣ ባለፈው የመለስኩልዎ መልስ ተገቢ አልነበረም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያሉት ችግር እውነት ነው፤ ካርቶኑ ላይ ቀን ሳይጻፍ ሲቀር ፕሮግራሙ የወሩን መጀመሪያ ይይዛል። ማስተካከያው በዚህ ቅዳሜ ይወጣል። እስከዚያ ቀይ የሆነውን ከካርቶኑ ጋር ያመሳክሩ። ፕሮግራሙ በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ ከእኔ ጋር የገንዘብ ጉዳይ የለንም፤ የከፈሉትን የጫነልዎን ሰው ይጠይቁ።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳታስቀረው። ይቅርታ መጠየቅህ ያልተቀበልከውን ዕዳ መቀበል አይደለም።

«ራስሽ ሥሪው» የሚለው መልስ በፕሮግራመሮች መካከል ሲባል ግብዣ ሊሆን ይችላል፤ ለፋርማሲ ባለሙያ ግን በር መዝጋት ነው። እሳቸው ኮድ መጻፍ አይችሉም፤ አንተ ደግሞ አንድ ሺህ ካርቶን አገላብጠህ አታውቅም። እሳቸው ሊያዋጡ የሚችሉት ሌላ ነገር አለ። የአሥር የተለያዩ ካርቶኖችን የቀን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው እንዲልኩልህ ጠይቅ። የፈተና ዳታህ ያ ነው፤ ከማንም ፕሮግራመር አታገኘውም።

ግሩፑን ርዕስ በርዕስ ክፈለው፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል፦ አንዱ ለማስታወቂያ፣ አንዱ ለጥያቄ፣ አንዱ ለስህተት። ንትርኩ ሲግል ስሎው ሞድ አብራ፤ አንድ ሰው በአሥራ አምስት ደቂቃ ወይም በሰዓት አንድ መልእክት ብቻ መላክ ይችላል፤ ስድብ ደግሞ መጠበቅ አይችልም። የስህተቱ ርዕስ ላይ ይህን ፒን አድርግ፦ «የፕሮግራሙ ቨርዥን ስንት ነው? ምን ሊሠሩ ነበር? ምን ሆነ? የወጣውን ጽሑፍ በፎቶ ይላኩ። መቼ? ጠዋት ወይም ማታ ብለው ይጻፉ። ከዚያ በፊት መብራት ጠፍቶ ነበር?» የሰዓቱ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። «ትናንት 3 ሰዓት ላይ» የሚል ሰው የጠዋቱን ከሆነ የፕሮግራምህ መዝገብ ላይ 09፡00፣ የማታውን ከሆነ 21፡00 ነው፤ በችኮላ 03፡00 ላይ ፈልገህ «ምንም የለም» ብለህ እንዳትመልስ። ከየመልእክቱ የምትወስደውን ወደ ጊትሃብ የምታዛውር አንተ ነህ፤ ተጠቃሚዎችህን ወደዚያ አትላካቸው፤ እንግሊዝኛውና መመዝገቡ ያባርራቸዋል።

ስድብና ስህተት በአንድ መልእክት ሲመጡ ለስህተቱ ብቻ መልስ ስጥ፤ ስለ ስድቡ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገር፦ «ችግሩን አያለሁ፤ በዚህ አነጋገር ግን አልቀጥልም።» ከደገመው ለሳምንት ዝም አስኝ፣ ከሰለሰው አስወጣ። ይህን ደንብ ቀድመህ ጻፈውና ለወዳጆችህም እኩል አሠራ፤ አንተን ደግፈው ሴትዮዋን የሰደቡ ካሉ ከእነሱ ጀምር። በሳምንት የምትሰጠውን ሰዓት ወስን፤ አራት ሰዓት ከሆነ አራት ሰዓት። ዳታ የሚያጠፋና ቀን የሚያሳስት ስህተት ይቅደም፣ ፕሮግራሙን የሚያቆም ስህተት ይከተል፣ ቀለምና አዲስ ፍላጎት መጨረሻ ይሁን። ለአዲስ ፍላጎት «አልሠራውም» ማለት ከ«እናያለን» ይሻላል፤ «እናያለን» ያልከው ሰው በየሳምንቱ ይጠይቅሃል።

ይህን የምታነቡ ተጠቃሚዎችም አላችሁና አንድ ቃል። በነፃ ባገኛችሁት ነገር ቅር መሰኘት ነውር አይደለም፤ ስህተትን መናገር ለሠሪው ትልቅ እርዳታ ነው። «አይሠራም» ብቻ ብትሉት ግን አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ ሦስት ሰዓት ታደርጉበታላችሁ። በተወሰነ ቀን መድረስ ያለበት ሥራ ካላችሁ ደግሞ ተጠይቆ የሚከፈልበት ድጋፍ እንጂ ሌሊት የሚደወልበት ስልክ አይደለም የሚያስፈልጋችሁ። ወንድማችን፣ አንተም ይህን በር ክፈት ብንልህ ደስ ይለናል። አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል፦ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደምትገኝ፣ በስንት ቀን እንደምትመልስ፣ ወርኃዊ ክፍያው፣ የማይጨምረው ነገር (ዊንዶውስ፣ ፕሪንተር፣ ቫይረስ)። በቋሚነት ከሆነ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጣ። ኮዱ ክፍት እንደሆነ ይቀጥላል፤ ሁለቱ አይጋጩም።

የይለፍ ቃሉን ለማታውቀው ሰው አትስጥ። ልጁ ቅን ሊሆን ይችላል፤ የምንልህ በደረሰ ነገር ነው። ኤክስዜድ የተባለው ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ለዓመታት የያዘው ላሴ ኮሊን በበጎ ፈቃድ ነበር። በ2022 የማይታወቁ ስሞች «ዘገየህ፤ ለሌላ ልቀቅ» እያሉ ወጠሩት። እሱም የማይከፈልበት የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑንና የአእምሮ ጤንነቱም እንዳስቸገረው ገልጾ ነበር። ቀስ በቀስ «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ትጉህ ረዳት ሥልጣን አገኘ። በ2024 በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ሥውር መግቢያ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ከርቀት ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ፈልጎ ደረሰበት፤ ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። የድካምህን ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ጫናና ደግነት አንድ ላይ ሲታዩ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ልጁ መርዳት ከፈለገ የቀኑን ማስተካከያ ይሥራና ይላክ፤ መርምረህ ተቀበል። ለወራት እንዲህ ከሠራ ኮዱ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ስጠው፤ ያለ ሌላ ሰው ምርመራ ወደ ዋናው ኮድ የሚገባ ነገር እንዳይኖር ጊትሃብ ላይ ቆልፍ። አዲስ ቨርዥን የሚፈረምበት ቁልፍና የመለያህ የይለፍ ቃል አንተ ዘንድ ይቆዩ።

ይህን ሁሉ ሞክረህም መቀጠል ካልፈለግህ ዝጋው፤ ማንም ሊከለክልህ አይችልም፤ ምክንያት ማብራራትም የለብህም። የሦስት ወር ማስታወቂያ ስጥ። የመጨረሻው ቨርዥን ሦስት ነገር ይያዝ፦ የቀኑን ማስተካከያ ከነጳጉሜው፣ የባክአፑን ቁልፍ፣ ሁሉንም መዝገብ በሲኤስቪ (ኤክሴል በሚከፍተው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) የሚያወጣ ቁልፍ። ሲኤስቪው በኤክሴል ሲከፈት አማርኛው እንዳይበላሽ የፊደል አቀማመጡን ዩቲኤፍ 8 ከነመነሻ ምልክቱ (ቦም) አድርገው። ከዚያ ጊትሃብ ላይ አርካይቭ አድርገው፤ ኮዱ ይነበባል፣ ይገለበጣል፣ አዲስ ነገር ግን አይቀበልም፤ ሐሳብህን ከቀየርክ መልሰህ ትከፍተዋለህ። ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ በየፋርማሲው መሥራቱን ይቀጥላል፤ ለዚህ ነው የጳጉሜውን ሳታስተካክል እንዳትዘጋ የምንልህ። በመስከረም 2020 ቀኑ ሲዛባ የሚደውሉለት ሰው አይኖርም።